አሮጌ ቤት የማን ዕዳ ነው?

ሰው ቤት ሲሠራ የሚያስበው ስለ ራሱና ስለ ልጆቹ ነው እንጂ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በደጁ ስለሚያልፍ ስለማያውቀው መንገደኛ አይደለም። ማገሩን ሲማግር ዝናቡን ያስባል፤ በሩን ሲገጥም ሌባውን ያስባል፤ መደቡን ሲደለድል እንግዳውን ያስባል። ሆኖም ባለቤቱ ሞቶ፣ የልጅ ልጆቹም ተበትነው፣ ቤቱ ብቻ ከእርጅና ተርፎ የቆመ እንደ ሆነ ያ መንገደኛ ይመጣና ከደጁ ላይ ቆሞ «ይህ ቤት የእኔም ነው፤ እንዳይነካ!» ይላል። በዚያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሚኖር ሌላ ሰው፣ ሠሪውም ያልሆነ፣ ወራሹም ያልሆነ፣ በሩን ከፍቶ «የአንተም ከሆነስ የሚያፈሰውን ጣሪያ መቼ ትከድንልኛለህ?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልስለታል? እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ የመንገደኛውንና የነዋሪውን ክርክር ነው።

ክርክሩ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ምክንያት በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያ ይባል የነበረው መንደር ከነጠባብ መንገዱ ከዓይን ጠፋ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሠፈር ተወሰዱ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ታሪክ ጠፋ» ብሎ አለቀሰ፤ ሌላው ወገን «ቆሻሻ ተነሣ» ብሎ ደስ አለው። ሁለቱም ወገኖች በብዛት በዚያ ሠፈር የማይኖሩ ሰዎች ነበሩ።

እኛ የምንኖረው ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን በምትገኘው በሮብ ገበያ ስለ ሆነ፣ «ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ደጋ ተቀምጣችሁ በፒያሳ ነገር ምን አግብቷችሁ ነው?» የሚለን አይጠፋም። የሚያገባን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ አራዳም እንደ እኛው ከተማ ከሥረ መሠረቱ ገበያ ነበረና ነው። ሁለተኛው፣ የከተማ ፕላን ዛሬ አዲስ አበባን የጎበኘ እንደ ሆነ ነገ ደብረ ማርቆስን፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሮብ ገበያን መጎብኘቱ አይቀርምና ነው።

ገበያ የሚባለው ነገር ጠባዩ ልዩ ነው። የእኛ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከቤት አይደለም፤ ከቀን ነው። ረቡዕ ሲሆን ሜዳው በሰውና በከብት ይሞላል፤ ሐሙስ ሲነጋ ከፋንድያና ከገለባ በቀር የሚታይ የለም። ግንብ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ነገር ግን በሳምንቱ ሰው ስለሚመለስበት ብቻ ገበያው ይኖራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የቆመው ገበያም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ማርና ቅቤ የሚሸጠው በዚያ፣ አዋጅ የሚነገረው በዚያ፣ ወንጀለኛም የሚሰቀለው በዚያው ነበር። ቤቶቹ የመጡት ከገበያው በኋላ፣ ገበያውን ተከትለው ነው። ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና ዐረቡ ነጋዴ በድንጋይና በጭቃ ግድግዳ፣ በእንጨት ሰገነትና በቆርቆሮ ክዳን ሱቁን አቆመ። መሐመድ አሊ የተባለው የሕንድ ንግድ ቤት በዚያ ነበር፤ አርመናዊው መሐንዲስ ሚናስ ኸርበጊያንም ብዙ ቤት በከተማው ሠርቷል። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ። መኳንንቱም በየበኩላቸው ግቢ እየከለሉ ተቀመጡ፤ የደጃች ውቤ ሠፈር የሚለው ስም ለዚህ ምስክር ነው።

ከዚያ ጣልያን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ከተማውን ከያዘ በኋላ የአገሩን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደና መርካቶ አለው፤ አራዳውንም ፒያሳ አሰኘው። እንዲህ ሆኖ ገበያው ሄደ፤ ቤቶቹ ቀሩ። የሮብ ገበያ ተቃራኒ ማለት ይህ ነው፤ በእኛ ዘንድ ቤት ሳይኖር ገበያው ይኖራል፤ በዚያ ግን ገበያው ሳይኖር ቤቱ ኖረ። ስሙን ግን ማንም ሊያነሣው አልቻለም፤ ነቃ ያለ ወጣት ዛሬም የአራዳ ልጅ ይባላል እንጂ የፒያሳ ልጅ ሲባል እምብዛም አልሰማንም።

ለቤቶቹ መጎሳቆል ዋና ምክንያት የሆነው ነገር የመጣው ግን ከዚህም በኋላ ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ይህ አዋጅ በኪራይ ሲማረር ይኖር የነበረውን ድኻ ያሳረፈ መሆኑን መካድ ግፍ ነው። ዳሩ ግን በቤቱ ላይ ያደረሰውን ነገር ማየትም ያስፈልጋል። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ከአንድ ቤት በወር የሚሰበሰበው ኪራይ ለአንድ ቆርቆሮ መግዣ የማይበቃ ሆነ። ቀበሌው ገንዘብ የለኝም አለ። ተከራዩ የእኔ ላልሆነ ቤት ስለ ምን ወጪ አወጣለሁ አለ። የቀድሞው ባለቤት ልጅ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ቤቱ ሦስት ባለጉዳይ እያለው አንድ ጠጋኝ አጥቶ የብዙ ዘመን ክረምት ተቀበለ።

ለአንድ መኳንንት ቤተ ሰብ ታስቦ የተሠራው አዳራሽ በጭቃና በኮምፔንሳቶ እየተከፋፈለ ዐምስትና ስድስት ቤተ ሰብ ይኖርበት ጀመር። መጸዳጃው አንድ፣ የውኃው ቧንቧ አንድ፣ ግቢው አንድ። በሰገነቱ ላይ ልብስ ይሰጣል፤ ደረጃው ስለ በሰበሰ ልጆች ዳር ዳሩን እየረገጡ ይወጣሉ። ክረምት ሲገባ እናት ሳፋውን ከአልጋው አጠገብ አኑራ ጠብታውን ትቀበላለች፤ ሲሞላ ትደፋለች፤ እንደገና ታኖራለች። በጋ ሲሆን ደግሞ ጎብኚ መጥቶ የሰገነቱን የእንጨት ሥራ እያደነቀ ፎቶግራፍ ያነሣል። ሳፋው በዚያን ጊዜ ከአልጋ ሥር ስለ ተቀመጠ በፎቶግራፉ ውስጥ አይገባም።

ይህን ስንል በነዚያ ቤቶች የነበረው ኑሮ መከራ ብቻ ነበር ማለታችን አይደለም። አንዲት ሴት ቡና ስታፈላ ጎረቤቱን ሁሉ የምትጠራበት፣ ባለሱቁ ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ የሚሰጥበት፣ ሰው ሲሞት ዕድሩ ሳይለመን ድንኳን የሚተክልበት ሠፈር ነበር። የሥራውም ቦታ ቅርብ ነበር፤ በእግር ተሂዶ በእግር ይመለሱበታል። ጠባቧ ቤት የምትሰጠው ይህን ሁሉ ነው። ስለዚህ ነዋሪው ራሱ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ «አትንኩብኝ» እና «አውጡኝ» በአንድ ትንፋሽ ቢናገር ሊያስደንቀን አይገባም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

እንግዲህ «ይፍረስ» የሚለው ሰው ምክንያት አለው። ከተማ መቃብር አይደለም፤ የሚኖሩት ሰዎች ውኃና መብራት፣ መንገድና ፍሳሽ ማስወገጃ ያሻቸዋል። አባቶቻችንም ቢሆኑ ከእነርሱ በፊት የነበረውን እያፈረሱ ነው የሠሩት። «ይቁም» የሚለውም ምክንያት አለው። የፈረሰ ነገር አይመለስም፤ የቆመን ቤት ግን ነገም ማፍረስ ይቻላል። በዚህ ነጥብ እኛም ከሁለተኛው ወገን ጋራ ነን፤ ዳኛ ሲጠራጠር ሞት ላለመፍረድ እንደሚያዘነብል ሁሉ፣ ስለ አንድ ቤት ዋጋ የሚጠራጠር ሹምም ለማቆየት ሊያዘነብል ይገባዋል። ግን እዚህ ላይ የማቆየቱ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንዲያርፍ ነው የምንፈርደው? ብዙዎቹ የታሪክ ወዳጆች ይህን ጥያቄ ዘለው ያልፉታል።

ቅርስ የሚለው ቃል ዛሬ ለሐውልትና ለቤተ መንግሥት ብቻ የተሰጠ ይመስላል እንጂ፣ በአባቶቻችን አነጋገር ጥሪት ማለት ነው። አንድ ሰው ጥሪትና ቅርስ የለውም ሲባል ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ነገር የለም ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከጥሪት ሁሉ የሚበልጠው የዘር እህል ነው። ገበሬው በክፉ ዘመን ጎተራው ሲራቆት እንኳ የዘር ገብሱን አይነካም፤ ልጆቹ ተርበው እያያቸው ለመጪው ዓመት ያቆየዋል። ይህን የሚያደርገው በጭካኔ አይደለም፤ ዘሩን የበላ ሰው የሚቀጥለውን ክረምት እንደማይሻገር ስለሚያውቅ ነው። የታሪክ ወዳጆች አሮጌውን ቤት ከዘር እህል ጋራ ቢያመሳስሉት ምሳሌው ያስኬዳል። ነገር ግን ገበሬው የሚቆጥበው የራሱን ዘር ነው፤ የሚራበውም ራሱ ነው። በመከሩ ጊዜ የሚያጭደውም ራሱ ነው። በመንደራችን ጠግቦ ያደረ ሰው ከተራበ ጎረቤቱ ቤት ገብቶ «ይህ ዘር የአገር ነውና አንተ ጦምህን እደር» ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ ሽማግሌ ይዳኘዋል። ዘሩ የአገር ከሆነ ረኃቡንም አገር ይካፈለው ይባላል።

ሕጉ ራሱ ይህን ነገር ከሞላ ጎደል ያውቀዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ ቅርስ በይዞታው ያለ ሰው በገዛ ወጪው በሚገባ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ወጪው ከዐቅሙ በላይ በሆነ ጊዜ ግን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍንለት እንደሚችል ይናገራል። አንባቢ ልብ ይበል፤ የቀበሌ ቤት ባለቤት መንግሥት ነው። እንግዲያው በሕጉ ቃል የሄድን እንደ ሆነ ለጣሪያው መጀመሪያ የሚጠየቀው ተከራዩም ጎብኚውም ሳይሆን ኪራዩን የሚቀበለው ክፍል ነው። ብዙ ዘመን ሳይጠግን የኖረ ባለቤት «ቤቱ አርጅቷልና ይፍረስ» ሲል፣ በሬውን ሳያበላ ኖሮ ከሳ ብሎ እንደሚያርድ ሰው መሆኑ ነው። ደግሞም ጠግኖ የማያውቅ መንግሥት «ቅርስ ነውና ማንም እንዳይነካው» ብሎ ሰሌዳ ለጥፎ ቢሄድ፣ ሰሌዳው ዝናብ አይከለክልም።

በዚህ ላይ የጎጃም ሰው የሚያነሣው ሌላ ጥያቄ አለ። በእኛ ደጋ ቤት የዘላለም ነገር ሆኖ አያውቅም። ሣር ክዳኑ በየጥቂቱ ዓመት ይታደሳል፤ ምሰሶው ሲነቅዝ ቤቱ ይፈርሳል፤ ባለቤቱ ሲሞት ኦና ይሆንና የእገሌ ቀዬ የሚለው ስም ብቻ ይቀራል። የሚወረሰው አጽመ ርስቱ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ሲያረጅ ሕዝቡ አፍርሶ ሌላ ይሠራል። ታቦቱ ለጊዜው በመቃኞ ይቆያል፤ ሕንፃው ሲያልቅ በእልልታና በሽብሸባ ይመለሳል። ግድግዳው ሁሉ አዲስ ሆኖ ሳለ «ይህ አባቶቻችን የተከሉት ደብር ነው» እንላለን፤ ሐሰትም አልተናገርንም። (በዚህ አሠራር ስንትና ስንት አሮጌ የግድግዳ ሥዕል ከጭቃው ጋራ እንደ ተናደ ስናስብ ግን ልባችን ይደማል፤ እልልታው ሲበርድ የሚቆጨን ነገር ነው።)

ይህ ልማድ ስለ አሮጌው ሠፈር የሚያስተምረን ነገር አለ። ደብሩ ያው ደብር የሚሆነው ታቦቱ ስለሚመለስ ነው። በከተማ ሠፈር ውስጥ ታቦት ተብሎ ሊቈጠር የሚችለው ነገር፣ ቃሉን በድፍረት አይቈጠርብን እንጂ፣ በዚያ የሚኖሩት ሰዎችና የእርስ በርስ ኑሯቸው ነው። እንግዲያው ማፍረስ ግድ የሆነ እንደ ሆነ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «መቃኞው የት ነው?» የሚል ነው። ነዋሪዎቹ ቤቱ እስኪሠራ ድረስ የሚቆዩበት፣ በአንድነት የሚቆዩበት፣ ከዚያም የሚመለሱበት ነገር ታስቧል ወይ? የአንድ ዕድር ሰዎች አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተኑ፣ አዲሱ ቤት ውኃና መጸዳጃ ያለው መሆኑ የታመነ ነው፤ ይህንንም ማቃለል አይገባም። ነገር ግን በዚያ ቤት የሞተች አሮጊት ድንኳኗን ማን ይተክላል? በጕልት ሽሮና በርበሬ እየሸጠች ልጅ ያሳደገችው ሴትስ የአራተኛውን ፎቅ ደረጃ ወጥታ ለማን ትሸጣለች?

ግንብ ጠባቂዎችም ቢሆኑ ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። ሰዎቹን አውጥቶ ቤቶቹን ማደስ፣ ቀለም መቀባት፣ ሰገነቱን በአበባ ማስጌጥ፣ ከዚያም ለጌጣ ጌጥ ሱቅና ለቡና ቤት ማከራየት በብዙ የዓለም ከተሞች የተለመደ ነው። እንዲህ የተደረገውን ሠፈር ስናይ ዓይናችን ደስ ይለዋል። ሆኖም አንድን ሰው ገድሎ ልብሱን አጥቦና ተኵሶ መስቀል ሰውየውን ማኖር አይባልም። ይህም የጠባቂነት ዓይነት ነው ከተባለ፣ ቢያንስ ስሙን በትክክል እንጥራው፤ የተጠበቀው ሠፈሩ አይደለም፤ የተጠበቀው ግድግዳው ነው። ግድግዳን መጠበቅ ራሱ ነውር የለበትም። በምሥራቅ ጎጃም በመርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ ያሠሩት የጥንቱ ሕንፃ ፍራሽ የድንጋይ ጥርቡ እያስደነቀ ቆሟል፤ ሕዝቡ የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በአጠገቡ አለ። በደብረ ማርቆስም በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አለ፤ ያ ከተማ ቀድሞ መንቆረር ይባል እንደ ነበረና ስሙ በቤተ ክርስቲያኑ ምክንያት እንደ ተለወጠ ልጆቻችን የሚጠይቁት እንዲህ ያለውን ግንብ ሲያዩ ነው። ነገር ግን ፍራሽና ቤተ መንግሥት ማንንም በውስጡ አስቀምጦ ዝናብ አያስመታም። ሠፈር የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይለያል።

የሚኖርበት ሰው የሚጠብቀው ቤት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐረር በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበው ጀጎል 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካናት አሉበት፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። የሐረር ቤት ውስጡ ነደባ በሚባል ከፍና ዝቅ ባለ መደብ የተሠራ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሽማግሌው የት፣ እንግዳው የት፣ ወጣቱ የት እንደሆነ መደቡ ራሱ ይናገራል። ይህን ያቆየው ዘበኛ አይደለም፤ በዚያ ነደባ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ልጁንም እዚያው ስላስቀመጠ ነው። ግድግዳውን የሚቀባው፣ ጣሪያውን የሚጠግነው በእርሱ ቤት ያለ ነገር ስለ ሆነ ነው። በአዲስ አበባም የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ ታድሶ እንደገና እንግዳ የተቀበለው፣ ያሮጌ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን የሚበላበትና የሚታደርበት ቤት ስለ ነበር ይመስለናል። ሥራ ያለው ቤት ጠጋኝ አያጣም።

ስለ ፈረሰው ነገር «እንደገና መልሰን እንሠራዋለን» የሚሉም አሉ። ለዚህ የሚጠቅሱት የፖላንድን ዋና ከተማ ዋርሶን ነው። እርግጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመኖች ከጥንታዊው ሠፈር ከ85 በመቶ በላይ የሆነውን አፈራርሰውት ነበር፤ ሕዝቡ ግን መልሶ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዳሩ ግን ሊሠራ የቻለው ቤሎቶ የተባለው ሠዓሊ በ18ኛው መቶ ዓመት የከተማውን ጎዳናዎች አንድ በአንድ ሥሎ ትቶ ስለ ነበር፣ የሕንፃ ትምህርት ቤት ሰዎችም ከጦርነቱ በፊት እያንዳንዱን ቤት ለክተው ንድፉን በጦርነቱ ጊዜ ደብቀው ስላቆዩት ነው። ያፈረሰው ጠላት ነበር፤ የለካው ወገን ነበር። ወገን ሲያፈርስ የሚለካው ማን እንደ ሆነ ግን ገና አልተነገረንም።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ራሳችን ይመጣል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ቤት የሚያፈርስ ግሬደር አንነዳም፤ ቤት የሚያድስ ግንበኛም አይደለንም። ሥራችን ደብዳቤ መጻፍ ነው። ነገር ግን ቤት ከግሬደሩ በፊት የሚፈርሰው በደብዳቤ ነው። «ቦታው ለልማት ስለሚፈለግ በተሰጠው ቀን ውስጥ እንዲለቀቅ» የሚለው ወረቀት ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ማኅተም አርፎበት፣ በመዝገብ ገብቶ የሚወጣው ከእኛ ጠረጴዛ ነው። በደብዳቤው ላይ ቤቱ «የቤት ቁጥር ይህን ያህል» ተብሎ ይጠራል፤ ሠሪው አይጠራም፤ የሚኖርበትም የተከራይ ስም ብቻ ሆኖ ይገባል። እንዲሁም «ቅርስ ስለ ሆነ ማደስ ክልክል ነው» የሚለው ወረቀት የሚወጣው ከዚያው ጠረጴዛ ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ ስለ ጣሪያው የሚናገር መሥመር የለም።

አንድ ጸሐፊ የአለቃውን ውሳኔ ሊሽር አይችልም፤ ሊሽርም አይገባውም። ስለዚህ ኀላፊነቱ ሁሉ ከላይ ነው ብሎ ብዕሩን የሚያነሣ ብዙ ነው። እኛ ግን ከመታዘዝና ከመሻር በመካከል የሆነ ሥራ አለ እንላለን፤ እርሱም ውሳኔ ሰጪው ሊያየው የሚገባውን ነገር ከወረቀቱ ላይ ማኖር ነው። ሹሙ ያላየውን ነገር አልፈረደበትም። ጸሐፊው አይቶ ያላሳየው ነገር ግን የጸሐፊው ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ሮብ ገበያ ብንናገር፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉት የእንጨትና የጭቃ፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤቶቻችን ዛሬ ለማንም ቅርስ አይመስሉም፤ ጎብኚም ፎቶግራፍ አያነሣቸውም። የአራዳ ሱቆችም በተሠሩበት ዘመን እንዲሁ ነበሩ። የገበያ ሜዳችን ደግሞ ግንብ ስለ ሌለው፣ ፕላን አውጪ በካርታ ሲያየው ባዶ ቦታ መስሎ ይታየዋል፤ ረቡዕ ቀን መጥቶ ያላየው መሐንዲስ ለሕንፃ ቢያስበው አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ ራስ ኃይሉ ሜዳ የሚባል ሥፍራ አለ፤ የጎጃሙ ራስ ስም እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ ሰው አፍ የሚጠራው በዚያ ሜዳ ነው።

ስለዚህ በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ከመደረጉ በፊት፣ ወይም ቅርስ ነው የሚለው ሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት፣ አንድ ሰው ከነመዝገቡ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገብቶ እንዲጠይቅ እንመክራለን። ቤቱን ማን ሠራው፤ አሁን ማን ይኖርበታል፤ ከስንት ዓመት ጀምሮስ፤ የመጨረሻውን ቆርቆሮ የቀየረው ማን ነው፤ በማንስ ገንዘብ። ግድግዳውና በሩ ይለካ፤ ሰገነት ካለው ይነደፍ፤ ነዋሪው መቆየት ይሻ እንደ ሆነ፣ መሄድም ይሻ እንደ ሆነ፣ ከማን ጋራ መሄድ እንደሚወድ በገዛ ቃሉ ይጻፍ። ወረቀቱ ከደብዳቤው ጋራ አባሪ ሆኖ ወደ ላይ ይሂድ። ለሥራው የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ አንድ መዝገብና ሁለት ጸሐፊዎች ናቸው። በእኛ ከተማ ቢሆን ከረቡዕ እስከ ረቡዕ ባለው ጊዜ ያልቃል።